ደረቴን የነቀነቀው ተማሪ

በእኛ አካባቢ የወፍጮ ሞተር ሲታመም የሚጠራው እኔ ነኝ። ከኮላ ድባ ሜዳ እስከ ዳባት ደጋ ድረስ ጆሮዬን ያላሳረፍኩበት ወፍጮ ካለ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት የቆመ መሆን አለበት። አስተማሪ ፊት አንድ ቀን አልተቀመጥኩም። ፊደሉን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለቀምኩ፤ እንግሊዝኛውን ከሞተር ጋር ከሚመጡ መመሪያዎች ላይ ሥዕሉን ከቃሉ እያገናኘሁ ተማርኩ፤ የቀረውን ብረቱ ራሱ አስተማረኝ። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ በሞተሩ ጎን፣ እጀታውን በጆሮዬ ላይ አድርጌ ዓይኔን ስጨፍን፣ የትኛው ኩሽኔታ እንደተበላ፣ የትኛው ቫልቭ እንደላላ ሳልፈታው እናገራለሁ። ዲፕሎማ ይዘው የመጡ መካኒኮች ሞተሩን በታትነው መግጠሙ ሲጨንቃቸው እኔን አስጠርተዋል። ጆሮዬ ዋሽቶኝ አያውቅም።

ይህን ያስቀደምኩበት ምክንያት አለኝ። ባለፈው ሁዳዴ ያገኘኝ ፍርሃት ከዚሁ ጆሮ የመጣ ነው። ሌላው ሰው ሐኪም ነግሮት ይደነግጣል፤ እኔ ሕመሜን ራሴ ሰማሁት።

ነገሩ በሳል ጀመረ። ቀጥሎ በቀኝ በኩል ከጎድኔ ሥር ውጋት ገባ። አየር ወደ ውስጥ በሳብኩ ቁጥር እንደ መርፌ ይጠቀጥቀኛል። ለሰው «ብርድ ነው» እላለሁ፤ ለራሴ ግን ሌላ ነበር የምለው። ታላቅ ወንድሜን የወሰደው ይኸው ነው። እሱም በሳል ጀምሮ፣ በውጋት ቀጥሎ፣ ደረቱ ውሃ ቋጠረ ተባለ። ጎኑን በስተው ቱቦ ከተቱለት። የቱቦው ጫፍ አልጋው ሥር በተቀመጠ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ወንድሜ በተነፈሰ ቁጥር ጠርሙሱ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሲያስታምሙ ከነበሩት ሁሉ ያንን ድምፅ አጥርቶ የሰማ እኔ ነበርኩ፤ ሌሎቹ እያወሩ ያልፉት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠርሙሱ ዝም አለ። ሐኪሞቹ ከመምጣታቸው በፊት ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሳል በያዘኝ ቁጥር ጠርሙሱ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አያውቅም።

ባለቤቴ ሐኪም ቤት መሄዴን አልጠላችም፤ ግን ቅድሚያ ጠበሉን አለች። «ሱባኤህን ጨርስ፤ በመጨረሻው ቀን ከጠበሉ በቀጥታ ትሄዳለህ፣ በረከቱ ሳይለይህ» ብላ ወሰነች። እሷ ስትወስን እኔ አልከራከርም። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ሳይነጋ ከከተማችን በታች ወዳለው ጠበል ወረድኩ። ጠበል መጠጣት ላይም ቢሆን ማንም አይቀድመኝም። ጎረምሶቹ አንድ ጆግ ጠጥተው ሲያቃስቱ እኔ ሦስተኛውን እጠይቃለሁ። የጠበሉ አስተናባሪ እንኳ «አያ፣ ለሌላውም ይተውለት» ብሎኛል።

በመጨረሻው ቀን እንደተባልኩት ከዚያው ተነስቼ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ኃላፊው ለክትባት ወደ ገጠር ወጥቷል። የነበሩት የከተማችን ልጅ የሆነች ነርስና ከጎንደር ለመስክ ልምምድ የተላከ አንድ የሕክምና ተማሪ ብቻ ናቸው። ልጁ ቀጭን ነው፤ የጋዋኑ እጥፋት ገና አልጠፋም። ጣቶቹን እያፍተለተለ ይጠይቀኛል።

«አባባ፣ ዛሬ ጠዋት የበሉት ነገር አለ?»

«በሁዳዴ? በዚህ ሰዓት?»

«የጠጡትስ?»

«እህልም ውሃም ከአፌ አልገባም።»

ካርዱ ላይ ጻፈው። ከዚያ ማዳመጫውን በደረቴም በጀርባዬም እያዟዟረ አዳመጠ፤ በጣቱ ጣቱን እየመታ ጎኔን አንኳኳ። ቀኙን ሲያንኳኳ ፊቱ ተኮማተረ። ወደ ነርሷ ዞሮ «ራጅ የለም አይደል?» አላት።

«ራጅ ጎንደር ነው ያለው» አለችው። «እዚህ ያለነው እኔና አንተ ነን።»

ትንሽ አሰበና በኀፍረት ድምፅ «አንድ ዘዴ አለ» አለ። መምህራቸው ለታሪክ ያህል ነግረዋቸዋል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበሩ ሐኪሞች ማሽን ስላልነበራቸው በሽተኛውን ትከሻውን ይዘው እየነቀነቁ፣ ጆሯቸውን ደረቱ ላይ ለጥፈው ያዳምጡ ነበር። ዛሬ ማንም አይሠራበትም። «ከፈቀዱልኝ ልሞክር?» አለኝ።

ደስ አለኝ። ያለ መሣሪያ በባዶ ጆሮ የሚሠራ ሐኪም ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። በልቤ ይህ ልጅ ሙያ ያውቃል አልኩ። «ነቅንቅ፤ የእኔም ሥራ ይኸው ነው» አልኩት።

ሸሚዜን አስወለቀኝና ጆሮውን ጎኔ ላይ ለጠፈ። በሁለት እጁ ትከሻዬን ጨብጦ ወዲያና ወዲህ ወዘወዘኝ። ነርሷ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ምነው ዶክተር፣ አያን እንደ ቅል ልትንጣቸው ነው እንዴ? ቅቤውን እንኳ ከፋሲካ በፊት አትበላው።»

እሷ ይህን ብላ ሳትጨርስ ድምፁ መጣ። ቦጭ አለ። ልጁ ደርቆ ቀረ። እንደገና ነቀነቀኝ፤ ቦጭ፣ ቦጭ። ግማሽ ድረስ የሞላ ጀሪካን አህያ ጀርባ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። ከራሴ ገላ ውስጥ ሲወጣ በራሴ ጆሮ ሰማሁት። ነርሷም ሰማችው መሰለኝ፣ እጇ ከአፏ ላይ ወረደ።

«አባባ» አለ ልጁ፤ ከንፈሩ ነጥቷል። «እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ደረትዎ ውስጥ ውሃ ያለ ይመስለኛል። ውሃ ብቻም አይደለም፤ ከላዩ አየር አለ። ውሃ ብቻ ቢሆን አይንቦጫረቅም ነበር።»

ይህን ባይጨምርልኝ ኖሮ ምናልባት እጠራጠር ነበር። ግን የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። ጢም ብሎ የሞላ ራዲያተር ዝም ይላል፤ የሚንቦጫረቀው የጎደለው ነው። ይህን ለስንቱ ባለ ወፍጮ አስረድቻለሁ። አሁን ዕውቀቴ ራሱ ፈረደብኝ።

«መድኃኒቱ ምንድን ነው?» አልኩ።

ልጁ መሬት መሬት አየ። «ጎንደር ሄደው መታየት አለብዎት... ሊሆን የሚችለው... ቱቦ ነው።»

ነርሷ ወንበር ስባ ባታስቀምጠኝ ወለሉ ላይ ነበርኩ።

አምቡላንሱ ምጥ የያዛትን ሴት ይዞ ስለሄደ በሚኒባስ እንድንሄድ ሆነ፤ ደግነቱ ያን ሰሞን መንገዱ ክፍት ነበር። ተማሪው ብቻዬን ሊለቀኝ ስለፈራ አብሮኝ ተነሳ። ባለቤቴ ተጠርታ መጣች፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አምስት ሊትር ጠበል የያዘ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥላ። ነገሩን ስነግራት አልጮኸችም። ጆሮዋን አንድ ጊዜ ወደ ደረቴ አስጠጋችና ቀና ብላ «የወንድምህ ዓይነት ነው?» አለችኝ።

«የወንድሜ ዓይነት ነው።»

ክዳኑን ከፍታ በኩባያ ቀዳችልኝ። ጠጣሁ።

መኪናው ውስጥ ተማሪው በአንድ ጎኔ፣ ባለቤቴ በሌላው ጎኔ ተቀመጡ። ልጁ ክንዱን በጀርባዬ አዙሮ እንዳልወዛወዝ ደግፎኛል። መንገዱ ጉድጓድ ሲያጋጥመው ሆዴም ደረቴም አብሮ ይነሳል፤ ተከትሎ ያ ድምፅ ይመጣል። ልጁ ወደ ሹፌሩ ተንጠራርቶ «ቀስ በል፣ በሽተኛ ይዘናል» አለው።

«ዶክተር፣ ሰው ነው ወይስ እንቁላል ነው የጫንከው?» አለ ሹፌሩ፤ ቢሆንም ቀነሰ።

ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ዞር ብላ እግራችን ሥር ስትፈልግ ቆየችና «አያ፣ የሆነ ነገር ይንቦጫረቃል። የያዙት ዘይት እንዳይደፋብዎት» አለችኝ። ባለቤቴ «ዘይት አይደለም እቱ፣ ሰውየው ነው» አለቻት። ሴትዮዋ አማተበችና ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

ዛሬ ይህን ስጽፍ ሳቄ ይመጣል። ያን ጊዜ ግን ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ኮሶዬ ድረስ በእያንዳንዱ ጉድጓድ እየሞትኩ ነበር። ድምፁ ከመነሳታችን በፊት ከነበረው ይልቅ ጨምሯል፤ ይህንንም አልተሳሳትኩም። ውሃው እየሞላ ነው አልኩ። ፊቴ ሲገረጣ ባለቤቴ ታያለች፤ ስታይ ኩባያውን ትሞላለች። «ጠጣ፣ ድንጋጤውን ያብርድልህ» ትለኛለች። እጠጣለሁ። ትንሽ ቆይቶ መኪናው ይዘላል፤ ድምፁ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል፤ ፊቴ ይገረጣል፤ ኩባያው ይሞላል። ልጁ ሰዓቱን እያየ የእጄን ትርታ ይቆጥራል። የሱም እጅ ቀዝቃዛ ነበር። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ «ባልነቀነቅኩዎት ይሻል ነበር» አለኝ።

«የሰማኸውን ሰምተሃል። ጥፋቱ የጆሮ አይደለም» አልኩት።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ጎንደር ከታች ታየች። ወንድሜን በዚሁ መንገድ ነበር ያወረድነው። ለባለቤቴ ስለ ዕቃ ሳጥኔ ነገርኳት፤ የትኛው መፍቻ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ወፍጮ ሳይዘገይ ኩሽኔታው መቀየር እንዳለበት። በዚህ አገር እኔን የሚተካ ጆሮ የለም፤ ይህ ደግሞ ከሞቱ እኩል አሳዘነኝ። እሷ ኩባያውን ዘረጋችልኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ አስቀመጡኝ። ከአልጋዬ ቀጥሎ ጎኑ በፋሻ የታሰረ ሰው ተኝቷል፤ ከፋሻው ሥር ቱቦ ወጥቶ ወለሉ ላይ ያለ ጠርሙስ ውስጥ ገብቷል። ቡልቅ፣ ቡልቅ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ጆሮ ግን አይዞርም።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ዕድሜዋ ጠና ያለ ሐኪም ተማሪዎቿን አስከትላ መጣች። የእኔ ተማሪ ላብ እያጠመቀው ታሪኬን አስረዳ፤ ሳሉን፣ ውጋቱን፣ የወንድሜን ነገር። መነቅነቁ ላይ ሲደርስ ከኋላ አንዱ «ዛር ልታወርድ ነበር?» ሲል ሰማሁ፤ ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። ሐኪሟ አልሳቀችም።

«በል አሳየን» አለችው።

ትከሻዬን ያዘ። ነቀነቀኝ፤ ድምፁ ክፍሉን ሞላው። የሳቁት ልጆች ሳቃቸውን ዋጡት። በኋላ እንደሰማሁት ከመካከላቸው ይህን ድምፅ በሕይወቱ የሰማ አንድም አልነበረም። ለእኔ ግን ያ ዝምታቸው የሞት ፍርድ ሆኖ ገባኝ። እነዚህ ሁሉ የተማሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ዝም ካሉ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ሐኪሟ ማዳመጫዋን ደረቴ ላይ አድርጋ «እንደገና» አለችው። ነቀነቀኝ። ቀጥላ ማዳመጫውን ወደ ታች፣ ከጎድኔ በታች አወረደችና «አሁንም» አለች። እዚያ ላይ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«አባባ፣ ዛሬ ምን ጠጥተዋል?»

«ምንም። ጾመኛ ነኝ።»

«ውሃ?»

«ውሃ እንዴት እጠጣለሁ? ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።»

ዓይኗ ከእኔ ላይ ተነስቶ አልጋው እግር ሥር ወደተቀመጠችው ባለቤቴ ሄደ። ጀሪካኑ ጭኗ ላይ ነው፤ ኩባያውም ተገልብጦ ክዳኑ ላይ ተቀምጧል።

«እናቴ፣ እሱ ምንድን ነው?»

«ጠበል ነው ልጄ።»

«ለሳቸው ሰጥተዋቸዋል?»

«ሳልሰጠው?» አለች ባለቤቴ፤ ተቆጣች ማለት ይቻላል። «ጠዋት እዚያው ጠጣ። በመንገድ ላይም ሲፈራብኝ እየቀዳሁ ሰጠሁት። ሙሉ ነበር፣ የቀረው ይኸው ነው» ብላ ጀሪካኑን ወዘወዘችው። ከታቹ ትንሽ ነገር ብቻ ቦጭ አለ። ድምፁ ከእኔ ድምፅ ጋር አንድ ነበር።

ተማሪው ሁለት እጁን በራሱ ላይ ጫነ። «እኮ ጠይቄያቸው ነበር! ውሃ አልጠጣሁም ብለውኛል።»

«ጠበል እንጂ ውሃ መቼ ጠጣ?» አለች ባለቤቴ።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ጠበል ጾም አይገድፍም፤ ጾም የማይገድፍን ነገር ማን መጠጥ ብሎ ይቆጥረዋል? ከእኛ አገር የትኛውም ጾመኛ እንደ እኔው ነበር የሚመልሰው። ሐኪሟ ይህ አልጠፋትም፤ አነጋገሯ የእኛው አገር ነበር። ወደ ልጆቹ ዞራ «ከእንግዲህ በጾም ወራት በሽተኛ ስትጠይቁ ጠበሉን ለብቻው ጠይቁ። ውሃ ጠጥተዋል ወይ ብትሉ ማንም አዎ አይላችሁም» አለቻቸው። ከዚያ ትንሽ ማሽን አስመጣችና ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ ጎኔን ፈተሸች። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ውሃ የለም፣ ከቦታው የወጣም አየር የለም፤ ሳንባዬ ታች በኩል ትንሽ ተቆጥቷል፣ ውጋቱም ከዚያ ነው፣ በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል አለች። የተንቦጫረቀው ጨጓራዬ ነው።

ባለቤቴ መሬቱን ሳመች። እኔ ግን ደስታው ቶሎ አልመጣልኝም። ስክሪኑ ላይ ያየሁት ግራጫ ጭጋግ ነው፤ የሰማሁት ግን ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ሰው በስልሳ ዓመት ሥራ ያመነውን ጆሮ በአንድ ጭጋግ አይሽርም። አጠገቤም ያ ጠርሙስ ቡልቅ ቡልቅ ማለቱን አላቆመም።

ሐኪሟ ልትሄድ ስትል ተመለሰችና ፈቃዴን ጠየቀችኝ። ዘዴው ጥንታዊ ነው፣ ዛሬ የሚሠራበት የለም፤ ግን እነዚህ ልጆች ድምፁን አንዴ በጆሯቸው ቢሰሙት አይረሱትም፤ ሁሉም በየተራ እንዲሞክሩብኝ እፈቅድ እንደሆነ። የትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ዶክተሮችን እንዲያስተምር ተለመነ ማለት ነው። ፈቀድኩ። እስከዚያ ድረስ ግን የጠጣሁት ወደ ፊኛዬ ወርዶ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። አንዱ ልጅ ከጀሪካኑ የቀረውን ልስጣቸው ቢል ባለቤቴ አቅፋ ያዘችው።

«ጠበል ለትምህርት አይጠጣም።»

«እንግዲያው የቧንቧ ውሃ» አለ ልጁ።

«ውሃ ይገድፋል» አልኩት።

ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ተጠበቀ። ሲሆን ተመልሰው መጡ፤ ሁለት ጆግ የቧንቧ ውሃ አቀረቡልኝ፤ ሳላርፍ ጨረስኳቸው። ልጆቹ ተያዩ። ከዚያ እየተሰለፉ ትከሻዬን ይዘው ነቀነቁኝ። አንዷ ጆሮዋ በረዶ ነው፤ አንዱ እንደ ጆንያ ያራግፈኛል፤ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፣ እሱን ወደድኩት። እነሱ ድምፁን ሲሰሙ ፊታቸው ይበራል። የእኔ ልብ ግን በእያንዳንዱ ቦጭ ቀጥ ትላለች። ሆድ እንደሆነ ተነግሮኛል፤ አሳይተውኛል። ቢሆንም እያንዳንዳቸውን ሳልጠይቅ አልለቀቅኩም።

«ከየት ነው የሰማኸው?»

«ከሆድ ነው አባባ።»

«አንቺስ?»

«ከሆድዎ ነው።»

የመጨረሻው የእኔው ተማሪ ነበር። ጓደኞቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀርቶ ቆመ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት አስቆምኩት።

«ሆዱን ተወው። ደረቴን ብቻ አዳምጥ» አልኩት።

ጆሮውን ከጎድኔ ላይ፣ ውጋቱ ካለበት ከፍ አድርጎ ለጠፈ። ቀስ ብሎ ነቀነቀኝ። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ረጅም ጊዜ ቆየ።

«ምን ሰማህ?»

«ልብዎን።»

«ሌላስ?»

«በጣም ይመታል አባባ። ሌላ ምንም የለም።»

«በል አንድ ጊዜ ድገመው» አልኩት።